አበበ ቢቂላና ያልተመቸው ጫማ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ለምን በባዶ እግሩ? ጫማ ጠፍቶ አይደለም። የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩ ላይ ስላልተመቸው ነው፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ በልምምድ ያውቀዋል።

«ታዲያ ለምን አላሰፋውም?» ትሉ ይሆናል። ጊዜ የለማ! የቆዳ ጫማን እንውሰድ። ቆዳ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ክሮች የተጠላለፉበት ነው። ክሮቹ ቀስ በቀስ ሲገፉ ቦታ ይለቃሉ፣ አዲሱንም ቅርጽ ይይዛሉ። ይህ ግን ቀናት ይፈልጋል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በእግሩ የወረደ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፦ ሙቀትና ረጅም መንገድ እግርን ያሳብጣሉ፣ ቁልቁለቱም ጣትን ወደ ጫማው ጫፍ ይገፋል። በ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ ትንሽ የሚቆነጥጥ ጫማ ያቆስላል።

የእናንተ የቆዳ ጫማ ከጠበበ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተጫሙት። ጎኑ ይሰፋል፤ ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ስለዚህ ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ቀይሩት። እሳት ዳር አታስጠጉት፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል።

አበበስ? በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን!