የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ኀዘንና የፒያኖ ድርሰቶቻቸው

ከከተማችን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በርና በደብረ ሲና በኩል ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። መስከረም 21 ቀን የሚከበረውን የግሸን ማርያምን በዓል ለማክበር ከሸዋ የሚነሣው ምእመን የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው የኖሩ አንዲት መነኩሲት፣ ከመመንኰሳቸው በፊት የቫዮሊንና የፒያኖ ተማሪ እንደ ነበሩ፣ በኋላም የታወቁ የሙዚቃ ደራሲ እንደ ሆኑ ግን ከመካከላችን የሚያውቀው ብዙ አይደለም። ስለዚህ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታሪክ በዚህ በትምህርት ቤታችን መታሰቢያ መጽሔት በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

እማሆይ ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ የልጅነት ስማቸውም የውብዳር ነበር። በ6 ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋራ ወደ ስዊስ አገር ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ሲማሩ ከሙዚቃ ጋራ ተዋወቁ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የኢጣልያ ወረራ ደረሰ፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ከቤተ ሰባቸው ጋራ ተግዘው በአዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አጠገብ በመርኮሊያኖ ታሰሩ። አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተማሩ። በቀን እስከ 9 ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር።

ታላቁ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በለንደን የሙዚቃ አካዳሚ ለመማር ዕድል አግኝተው ሳለ መሄድ ተከለከሉ። ኀዘናቸው እጅግ ስለ በረታ 12 ቀን ያህል እህል አልቀመሱም። በሆስፒታል ተኝተው ለሞት በተቃረቡ ጊዜ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ፤ ከረጅም እንቅልፍ ሲነቁም ልባቸው ጸጥ ብሎ አገኙት። ከዚያም ግሸን ወጥተው መነኰሱ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ሙዚቃውንም ለጊዜው ተዉት።

ከተራራው ከወረዱ በኋላ ግን ወደ ፒያኖ ተመለሱ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ እየለመኑና ውጭ እያደሩ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። በአንኮበር አጥቢያዎች አኩፋዳውን አንግቶ የሚለምነውን ተማሪ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ሰጡ፤ በጀርመን አገር የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው ገቢ ለችግረኞች መርጃ እንዲውል አደረጉ።

ከድርሰቶቻቸው በብዙ ዘንድ የታወቀው ቤት ስለሌለው ተንከራታች የደረሱት ነው። ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ እብድ ሳቅና ስለ አገር ናፍቆት የደረሷቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በእነዚህ ድርሰቶች ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ዋልትስ ቀስ ብሎ ሲመታ፣ ቀኝ እጃቸው በአምስት ድምፅ ቅኝት እንደ ማሲንቆ ተጫዋች አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው አምባሰል ስሙ የግሸን ማርያም አገር ስም ነው። ከዚህም ሌላ በአዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው በድምፃቸው እየዘፈኑ በካሴት የቀረጿቸው የአገር ፍቅር ዜማዎች ብዙ ዘመን ተሰውረው ቆይተው በ2024 እ.ኤ.አ. ታተሙ።

እማሆይ በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ኖሩ። ሙዚቃቸው በውጭ አገር በሰፊው የተሰማው በ2006 እ.ኤ.አ. ኢትዮፒክ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት በ21ኛው ክፍል ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከመካከላችን የተመኘውን ትምህርት ሳያገኝ የሚቀር አይጠፋም። የለንደን በር በእማሆይ ላይ ተዘግቶ ቀረ፤ ኀዘኑም ቀላል እንዳልነበረ አይተናል። ቢሆንም በግሸን ጸሎትን፣ በጎንደር የያሬድን ዜማና የድኻውን ተማሪ ችግር ተምረው፣ ሁሉንም በፒያኖ አሰሙን። መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን እነዚህን ድርሰቶች በትምህርት ቤታችን እንድንሰማ ቢረዱን፣ ለእኛ ታላቅ ስጦታ ነው።