ከወይን ጠጅ ንግድ ወደ ሻጋታ ምርምር

ሰው በሁለት ሥራ ይታወቃል፤ እንጀራውን በሚያገኝበት ሥራና ከእንጀራ ፍለጋ በተረፈው ጊዜ በሚሠራው ሥራ። የመጀመሪያው ቤቱን ያቆምለታል፤ ሁለተኛው ግን አንዳንድ ጊዜ ስሙን ያቆይለታል። ለዚህ የለንደኑ ነጋዴ የአርተር ሊስተር ታሪክ ምስክር ነው።

አርተር ሊስተር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1830 በለንደን አጠገብ አፕተን በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ወይን ጠጅ እየነገደ የማይክሮስኮፕን መስተዋት ያሻሻለ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጆሴፍም ቍስል እንዳይመረቅዝ የሚጠብቀውን የሕክምና ዘዴ በ1867 ያስተዋወቀው ስመ ጥር ሐኪም ነው። አርተር ግን በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ንግድ ገባ፤ እስከ 1888 ድረስም ወይን ጠጅ ሲነግድ ኖረ።

ንግዱን ሲተው ዕድሜው 58 ነበር። ብዙ ሰው ዕረፍትን በሚመኝበት በዚያ ዕድሜ፥ ቀደም ሲል በትርፍ ጊዜው የጀመረውን የዝልግልግ ሻጋታ ጥናት ሙሉ ሥራው አደረገው። ይህ ፍጥረት በበሰበሰ ግንድና በረገፈ ቅጠል ላይ ይገኛል። በመጀመሪያ እንደ ወፍራም ፈሳሽ ቀስ ብሎ እየተሳበ ምግቡን ይፈልጋል፤ ኋላም እንደ እንጉዳይ ባለበት ቆሞ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ይበትናል። ስለዚህ ከዕፅዋት ወይስ ከእንስሳት ይቈጠር የሚለው ነገር ሊቃውንቱን ያከራክር ነበር። ሊስተር በማይክሮስኮፑ ፊት በትዕግሥት ተቀምጦ፥ ከዘሩ የሚወጡት ጥቃቅን ሕዋሳት ባክቴሪያዎችን ሲውጡ ተመለከተ፤ ያየውንም ጽፎ አሳወቀ።

በ1894 ዋና መጽሐፉ በብሪቲሽ ሙዚየም ታተመ፤ በ1898ም የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚህ ሁሉ ድካም ልጁ ጉሊየልማ አልተለየችውም፤ መጽሐፉ ግን የወጣው በአባት ስም ብቻ ነበር። ጊዜው ታዋቂው የሊኒየስ ማኅበር እንኳ ሴቶችን በአባልነት የማይቀበልበት ነበርና። ማኅበሩ በ1904 በሩን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ እርሷ ሆነች። አባቷ በ1908 ከሞተ በኋላም መጽሐፉን በ1911ና በ1925 አርማ፥ አስፍታና በሥዕል አስጊጣ አሳተመችው።

ዛሬ ዝልግልግ ሻጋታ ከዕፅዋትም ከእንጉዳይም ወገን እንዳልሆነና ለአሜባ እንደሚቀርብ ታውቋል። ሊስተርን ሀብቱና የአባቱ ቤት እንደ ረዱት አይካድም። ነገር ግን ሀብታም ሁሉ በበሰበሰ ግንድ አጠገብ አልተንበረከከም። ከዕለት ሥራችን የምትተርፈውን አንዲት ሰዓት በምን እንደምናውላት ሊጠይቀን የሚገባውም ይኸው ነው።