«ነጋዴ» ማለት ማን ነው?



«ትሬድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁላችንም «ንግድ» ብለን ተምረነዋል። ቃሉ ግን ቀድሞ ዱካ፣ መንገድ ማለት ነበር። ቆይቶ ሙያ፣ ከዚያም መሸጥና መግዛት ሆነ።

የኛም ቃል እንዲሁ ተጉዟል። በግእዝ «ነጋዲ» መንገደኛ ነው፤ እንግዳም፣ ተሳላሚም፣ ሻጭና ገዢም ይሆናል። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣው ክርስቲያን ተሳላሚም፣ አሞሌ ጭኖ ላስታን የሚያቋርጠው ሙስሊም ሲራራም በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አሉ።

በሰሜኑ ደጋ ብዙ ቦታ ግን «ነጋዴ» ማለት ሙስሊም ማለት ሆኖ ቀረ። ለምን? አባቶቻችን በብዙ ቦታ የመሬት ርስት ስለተከለከሉ ነው። እርሻ ያጣ እጅ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ዞረ። ከአፋር የሚወጣው ጨው በሰቆጣ ገበያ አልፎ ለደጋው ሰው የሚደርሰው በነጋዴ ድካም ነበር። ክልከላው ስም ወለደ፤ ስሙ ደግሞ ተመልሶ ለክልከላው ምክንያት ሆነ፦ መንገደኛ ነውና መሬት ምን ያደርግለታል ተባለ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች አንዱ ጥያቄ የስም ነበር፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል። በየካቲት 1967 ደግሞ የመሬት አዋጁ የርስትን ሥርዓት አፈረሰ።

ወጣቶች ሆይ! ነጋዴ መባል አያሳፍረንም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ነግደዋል። «እንግዳ» የሚለውን ትርጉም ግን አንቀበልም። በተወለድንበት አገር እንግዳ አይደለንም።