የሞተር ገበና

ሰው ገበና አለው፤ ቤትም ገበና አለው። መኪናም እንዳለው ግን ጠንቅቆ የሚያውቀው መካኒኩ ነው። ቤንዚኑ ተቃጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች ሲገፋው፣ ከጋዙ ጥቂቱ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት ማለቴ ነው) ዙሪያ ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። እዚያም ከዘይት ጉምና ከእንፋሎት ጋር ይደባለቃል። መውጫ ካጣ ዘይት መከላከያውን ጎማ ሁሉ ፈንቅሎ ይወጣል። ስለዚህ ሞተርም መተንፈስ አለበት። ለመሆኑ ትንፋሹ ወዴት ይሂድ? ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው መልስ “ወደ ጎረቤት” የሚል ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከሞተሩ ሆድ አንድ ቱቦ ወደ መኪናው ሥር ይንጠለጠል ነበር፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ትንፋሹን እየሳበ ያወጣዋል። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች መሐል ለመሐል የሚታየው ጥቁር መስመር አንዱ ምንጩ ይኸው ጠብታ ነበር። ባለመኪናው እንደሆን አያየውም፤ ሾፌር የሚያየው ወደ ፊት ነዋ!

እ.ኤ.አ. በ1943 በጋ ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሸፈናት። ጃፓን የመርዝ ጋዝ ለቀቀችብን ያሉም ነበሩ። የአናናስን ጣዕም ይመራመር የነበረው ሆላንድ ተወላጁ ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ እውነቱን አወጣው፤ ጭጋጉን ፀሐይ የምታበስለው ከማጣሪያዎችና ከመኪኖች ከሚወጣው ጋዝ ነው። ሰው ሁሉ ጣቱን ማርሚታው ላይ ቀሰረ። ከመኪና ከሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ ግን የሚመጣው ማንም ልብ ካላለው ከዚያ ቱቦ ነበር።

ሁለተኛው መልስ “የራሱን ራሱ ይብላ” የሚል ሆነ። ትንፋሹ በአንዲት ትንሽ ቫልቭ በኩል ተመልሶ ወደ ሞተሩ ገብቶ እንዲቃጠል ተደረገ። ዘዴው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውኃ በሚሻገሩ የጦር ተሽከርካሪዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ ከ1963 ሞዴል ጀምሮ በመላ አሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ላይ ተገጠመ።

ያው የሚበላ ሁሉ አይፈጭም። የዘይቱ ጉም በአየር መግቢያው ላይ እየተለጠፈ ይጠቁራል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩት በዘመኖቹ ሞተሮች ደሞ ይብሳል፤ የአየር መግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው ነዳጅ የለም። ሦስተኛው መልስ እንግዲህ “መሐል ላይ እናጥምደው” የሚል ነው። ይህን እሽቅድምድመኞች ቀድመው ያውቁታል፤ መንገድ ላይ የፈሰሰ ዘይት ከኋላ የሚመጣውን ይገድላልና። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ሞተሩ እስከ 2000 ሲሲ ለሆነ ቢያንስ 2 ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 3 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ያዛል። ማጠራቀሚያው ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሠራ፣ አለዚያ መስኮት ይኑረው ይላል። ይቺን ደንብ እወዳታለሁ፤ ቆሻሻህን ያዝ፣ ግን ይታይ!

ይህን ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም። ጎማ ጫማ፣ ጣሳ ኩራዝ፣ በርሜል ምድጃ የሚሆንበት ምን አለሽ ተራ አለልን። ክዳኑ አየር የማያስገባ የብረት ጣሳ፣ ከላይ ሁለት አፍ፣ መግቢያው ወደ ውስጥ ረዘም፣ መውጫው አጠር ይላል። በመካከላቸው የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይታጨቃል፤ ቁርጥራጩ ወደ ሞተር እንዳይሳብ ወንፊት ይደረግበታል። ጉሙ ሽቦውን ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ይወርዳል። ከታች መክፈቻ ይበጅለታል። አንዳንድ ኮፈን ሥር የማየው በገመድ የታሰረ የውኃ ፕላስቲክ ግን ሙቀት ያልመዋል፤ የይስሙላ ነው።

አንድ መካኒክ እንዲህ አለኝ፦ “ጋሼ፣ ጣሳው በሳምንት ከሞላ የሚሠራው ጣሳ ሳይሆን ሞተር ነው። ሊሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያወልቀው እኮ ጣሳውን ነው!” ማጥመጃው ምስክርም ነው ማለት ነው፤ ምስክርን ማራቅ ደሞ ለእኛ አዲስ አይደለም።

የተጠራቀመውንስ የት ትደፋዋለህ? ብዬ ጠየቅሁት። በአገጩ ቦዩን አሳየኝ። የአዲስ አበባ ቦይ መድረሻው አቃቂ ነው፤ በአቃቂ ውኃ የበቀለው ቆስጣና ሰላጣ መድረሻው የኛው ገበታ ነው። ያ ሁሉ ሕግና ብልሃት ተሠርቶ መልሳችን ዞሮ “ወደ ጎረቤት” ሆነ፤ ጎረቤቱ እኛው ከመሆናችን በቀር።

ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ታግዷል። ያሉት ግን አብረውን ያረጃሉ፤ ያረጀ ሞተር ደሞ ትንፋሹ ይበዛል። የእሽቅድምድም ሰዎች ለ2 ሊትር ቆሻሻ ደንብ ካወጡ፣ እኛ ለየጋራዡ አንድ የአሮጌ ዘይት በርሜል ማስቀመጥና የሞላውን የሚሰበስብ ሰው መመደብ አያቅተንም። በርሜሉ መስኮት ቢኖረው ደግሞ እሰየው።