የአቤሜሌክ እንቅልፍ

እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ በ1895 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሰውን በዘመናት መካከል የሚያመላልስ መኪና በልብ ወለድ ሳይጽፍ፥ ይህን የመሰለ ታሪክ በመጻሕፍታችን ይነበብ ነበር። በተረፈ ባሮክ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኛ፤ 66 ዓመትም አለፈ። ሲነቃ በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥብ ነበር፤ ኢየሩሳሌምን ግን ማወቅ ተሳነው። የሄደው ወደ ፊት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንስታይን በ1905 ያስረዳውም ይህንኑ መንገድ ነው፤ እጅግ ለሚፈጥን ተጓዥ ጊዜ ይዘገያል። በ1971 በአውሮፕላን ወደ ምሥራቅ ምድርን የዞሩ የአቶሚክ ሰዓቶች በምድር ከቀሩት 59 ናኖሴኮንድ ያህል ዘግይተው ተገኙ። ከአቤሜሌክ እንቅልፍ ጋር ሲተያይ ምንኛ ጥቂት ነው!

ወደ ኋላ የሚወስደው በር ግን እስካሁን አልተከፈተም። እኛ የማንኪራ ልጆች የምንመኘው ደግሞ ያንኑ ነው፤ ቡና ተገኘበት በሚባለው በዚህ ዱራችን ቆመን፥ መጀመሪያ የቀመሰው ማን እንደ ሆነ ለማየት።