ከሑጃጅ መርከብ እስከ አሜሪካ እርሻ፦ የአንዲት የየመን ሳንቲም ጉዞ



የዛሬው ታሪካችን የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ፣ ሮድ አይላንድ በምትባለው ትንሽ ግዛት፣ ሚድልታውን ከተማ ካለ አንድ የፍራፍሬ እርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጂም ቤይሊ የተባለ የታሪክ ወዳጅ ሜታል ዲቴክተሩን ይዞ እርሻውን ያስሳል። ሜታል ዲቴክተር ከመሬት በታች ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ነው። ሰውየው እዚያው ቦታ ከዚህ በፊት የድሮ ሳንቲሞች፣ የጫማ ዘለበትና የጠመንጃ ጥይቶች አግኝቷል። አሁንም መሣሪያው ጮኸ። ቆፈረ። የጠቆረች ትንሽ የብር ሳንቲም ወጣች። መጀመሪያ የስፔን ወይም የማሳቹሴትስ ሰፋሪዎች ያሠሯት መሰለችው። ጠጋ ብሎ ሲያያት ግን የተጻፈባት በዐረብኛ ነው።

ሱብሐነላህ! ከሰፋሪዎቹ ዘለበትና ጥይት ጋር በአንድ አፈር ውስጥ፣ ዐረብኛ።

ከመካከላችን ቁርኣን ቤት ያላለፈ ጥቂት ነው፤ ሳንቲሟ እጃችን ላይ ብትወድቅ ቢያንስ ፊደሉን እንለየው ነበር። ሙሉውን ማንበብ ግን ቀላል አይደለም። የዚያ ዘመን ሳንቲም በእጅ፣ በመዶሻ ተመትቶ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ የጽሑፉ ከፊል ከጠርዙ ውጭ ይቀራል፤ ዓመቱም በሒጅራ አቆጣጠር ነው። ቢሆንም ምርመራው ውጤት ሰጠ። ሳንቲሟ እ.ኤ.አ. በ1693 የመን ውስጥ የተመታች ነች። ያ ዓመት በሒጅራ ከ1104 ወደ 1105 መሸጋገሪያ ሲሆን፣ የመንን የሚገዙት የቃሲሚ ኢማሞች ነበሩ።

ታዲያ የየመን ብር አሜሪካ ምን ወሰደው? በዚያ ወቅት የአሜሪካ ሰፋሪዎች ከቀይ ባሕር ወደቦች ጋር ሕጋዊ ንግድ እንደነበራቸው የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ያ የመጣው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ወደ ባሕራችን ይመጡ የነበሩት ሌሎች ናቸው፤ የባሕር ወንበዴዎች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ሰፈር ይጠጋል። ጎንደር ላይ ቀዳማዊ ኢያሱ በነገሡበት በዚያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1695 ክረምት፣ ሄንሪ ኤቨሪ የተባለ እንግሊዛዊ «ፋንሲ» በተባለች መርከቡ ባቢል መንደብ ላይ አድፍጦ ነበር። ከሌሎች ወንበዴዎች ጋርም አብሯል፤ ከእነሱም አንዱ የዚያችው የሮድ አይላንድ ሰው ቶማስ ቲው ነበር። የሚጠብቁት ከሐጅና ከንግድ ወደ ሕንድ የሚመለሱትን መርከቦች ነው። መርከቦቹ በሌሊት ሾልከው አለፏቸው፤ ወንበዴዎቹም እስከ ሕንድ ባሕር ተከተሏቸው። ቲው በመንገድ ላይ በተደረገ ውጊያ ተገደለ። መስከረም 7 ቀን ኤቨሪ «ጋንጂ ሰዋኢ» ላይ ደረሰ።

ይህች መርከብ የሙጋሉ ንጉሥ አውረንግዜብ ንብረት ነበረች። መዳረሻዋ ሱራት ነው፤ ሕንዶች የመካ በር የሚሉት ወደብ። የዚያ ዓመት ዒደል አድሓ ካለፈ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ተሳፋሪዎቹ ከዐረፋ የተመለሱ ሑጃጅ ነበሩ። በዘመኑ የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ኻፊ ኻን እንደጻፈው፣ በመርከቧ ላይ አንድ መድፍ ፈንድቶ የራሷን ሰዎች ገደለ፤ የጠላት መድፍ ደግሞ ዋናውን ምሰሶ መታ። ካፒቴኑ ወደ ታች ሮጦ ተደበቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማሳጠር ይሻላል። ሑጃጁን ለቀናት አሠቃዩ፣ ሴቶችን ደፈሩ። ክብራቸውን ለማዳን ባሕር ውስጥ የዘለሉ ሴቶች እንደነበሩም ተጽፏል። አላህ ይዘንላቸው።

አውረንግዜብ ተቆጣ። ሱራት ያሉ እንግሊዛውያን ነጋዴዎች በካቴና ታሰሩ። ንግዱ የቀረበት የእንግሊዝ መንግሥት ያኔ ኤቨሪን ለያዘ 500 ፓውንድ ወሮታ አወጣ፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም እጥፍ አደረገው። ኤቨሪ አልተገኘም። ስድስት ሰዎቹ ግን ተያዙና በጥቅምት 1696 ለንደን ላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክሱ ጋንጂ ሰዋኢን መዝረፍ ነበር። ጁሪው ነጻ ናችሁ አላቸው! ያፈረው መንግሥት በሌላ ክስ መለሳቸው፤ የተቀጠሩባትን የእንግሊዝ መርከብ በአመፅ ነጥቃችኋል ተባሉ። አሁን ጥፋተኛ ሆኑ። አምስቱ በኅዳር ተሰቀሉ። ከእነሱ አንዱ ከመሰቀሉ በፊት በሕንዳውያኑና በሴቶቻቸው ላይ ስለተፈጸመው ግፍ ተናዟል።

የሕዝቡ ወሬ ግን ሌላ ነበር። ኤቨሪ የሙጋሉን ልዕልት አግብቶ ማዳጋስካር ላይ ነገሠ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ዝና መነሻ ያደረገ ቴአትር ለንደን መድረክ ላይ ታየ። የተደፈሩት ሴቶች በተረቱ ውስጥ ሙሽራ ሆኑ ማለት ነው። እኛን ከሁሉ በላይ ያሳመመን ይህ ነው፤ ግፉ ከተፈጸመ በኋላ ግፉን የሰርግ ታሪክ ማድረግ።

ቤይሊ መዛግብት ሲያገላብጥ፣ ከኤቨሪ ሰዎች ከፊሉ በ1696 «ሲ ፍላወር» በተባለች መርከብ ወደ አሜሪካ ጠረፍ እንደመጡ አገኘ። መርከቧ አርባ ስምንት ያህል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ጭና ሚድልታውን አጠገብ ባለችው ኒውፖርት ወደብ ደርሳ ነበር። የባሪያ ነጋዴ መምሰል ለወንበዴ መደበቂያ ይሆን ነበርና! ለመደበቂያ ስለተሸጡት ሰዎች ተረት እንኳ አልተጻፈም።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ እንያዝ። ሳንቲም የት እና መቼ እንደተመታች ትናገራለች፤ በማን ኪስ እንዳለፈች አትናገርም። አንዲት ብቻ ብትሆን ኖሮ መርከበኛ ጥሏት ይሆናል ብለን ባለፍን ነበር። ነገር ግን እስከ 2021 ድረስ የዚያው ዘመን ሌሎች ዐረብኛ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ 10፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ 3፣ ኮኔቲከት ውስጥ 2፤ ሰሜን ካሮላይና ላይም አንድ። ይህን ያህል ሳንቲም በአጋጣሚ አይወድቅም። ከቀይ ባሕር የተዘረፈ ገንዘብ አሜሪካ ገበያ ላይ ተበትኗል የሚለው የቤይሊ ድምዳሜ ያሳምነናል። የሚድልታውኗ ከጋንጂ ሰዋኢ ላይ የተወሰደች መሆኗን ግን አላህ ያውቃል፤ እኛ «ሊሆን ይችላል» ብለን እናቆማለን።