የመንኰራኵር ዙርና የመንገድ ርቀት

ቀድሞ ከጎንደር ወደ መተማና ወደ ሳንጃ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ርቀትን የሚናገረው በቀን መንገድ ነበር። የቀን መንገድ ግን እንደ ሂያጁ ይለያያል፤ የተጫነ አጋሰስ የሚነዳና ባዶ እጁን የሚገሠግሥ ሰው በአንድ ቀን እኩል አይራመዱም። ርቀትን ከተጓዡ ጉልበት ለይቶ ለማወቅ ከተገኙት ዘዴዎች አንዱ የመንኰራኵርን ዙር መቍጠር ነው።

ይህ ዘዴ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ፣ ዙሪያው 12 ጫማ ተኩል የሆነ የሠረገላ መንኰራኵር 400 ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጠጠር የሚጥል መሣሪያ ገልጾ ጽፏል። ይህም 5,000 ጫማ፣ ማለት አንድ የሮማ ማይል ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ከርቲስ ቪደር ለብስክሌት የሚሆን ትንሽ ቈጣሪ ሠራ። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓኑ ካትአይ ኩባንያ የመጀመሪያውን የብስክሌት ኮምፒዩተሩን አወጣ። በመንኰራኵሩ ላይ የታሰረ ማግኔት በብስክሌቱ አካል ላይ ባለው መቀበያ ፊት ባለፈ ቁጥር ኮምፒዩተሩ አንድ ዙር ይቈጥራል፤ ዙሩንም ባለቤቱ በሞላለት የጎማ ዙሪያ ልክ ያባዛል።

የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ግን ስማቸውን ያስጠሩት በመንገድ ላይ ነው። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ 24ኛ ወጥቷል፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወር በቤት ውስጥ ብስክሌት የተደረገ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ የሴቶቹን ድል የወሰደችው ደቡብ አፍሪካዊቷ አሽሊ ሙልማን ፓሲዮ ነበረች። ስለዚህ የቆመ ብስክሌት ቁጥር ችላ የሚባል አይደለም።

የኋላ ጎማው በሚሽከረከር ብረት ላይ ተደግፎ በሚቆም ብስክሌት የፊተኛው መንኰራኵር አይዞርም። በፊት በኩል የታሰረ ቈጣሪ ስለዚህ ዜሮ ያሳያል፤ ማግኔቱም መቀበያውም ወደ ኋላ መዛወር አለባቸው። የጎማውን ዙሪያ ለማወቅ ጎማው መሬት በሚነካበት ላይ ምልክት አድርጎ፣ ጋላቢው ተቀምጦበት አንድ ሙሉ ዙር ማስኬድና የሄደውን መለካት ይበቃል። ዙሪያው 2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር በሆነ ጎማ ላይ የ1 ሳንቲሜትር ስሕተት፣ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 480 ሜትር ይደርሳል።

ልኩ ቢስተካከልም ቁጥሩ የመንገድ ርቀት አይሆንም። በቤት ውስጥ የሚገፋ ነፋስ፣ የሚወጣ ዳገት የለም፤ በሳንጃ ሐሩር ላብ የሚያደርቅ የጉዞ አየርም የለም። በቤት የተመዘገበውን ፍጥነት በመንገድ ከተመዘገበው ጋር አወዳድሮ ወጣቶችን የሚመርጥ አሠልጣኝ፣ ብርቱውን ሊጥል ደካማውን ሊያነሣ ይችላል። በዚያው ብስክሌት፣ በዚያው የጎማ አየርና በዚያው ጫና የተገኘን የትናንት ቁጥር ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ግን ትክክል ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ዙርን ብቻ ነው፤ የዙሩን ትርጉም መስጠት የባለሙያው ኃላፊነት ነው።